የአያ ሽፈራው ዕድሜ

ስልኬ የጮኸው ገና ሥራ ስገባ ነው። ደዋዩ ተፈራ ነበር። ተፈራ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብላ ያለች የቀወት ወረዳ መንደር የእድር ጸሐፊ ነው፤ እኔም እዚያ ነርስ ሆኜ ዓመታት አገልግያለሁ። ሰላምታውን ሳይጨርስ ድምፁ ሲሰበር ነገሩ ገባኝ።

«ሲስተር፣ አያ ሽፈራው አረፉ።»

ደብረ ብርሃን፣ የመሥሪያ ቤቴ ደረጃ ላይ ነበርኩ። እዚያው ቁጭ አልኩ። ተፈራ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የሕይወት ታሪካቸውን እየጻፍኩ ነበር፤ ዕድሜያቸው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ያኛውን ልጻፍ ወይስ ይኸኛውን?»

«ምን ያኛው፣ ይኸኛው አለው? ዘጠና ነው።»

«ዘጠና ብዬ ላንብበው?»

«ዘጠና ብለህ አንብበው።»

መጀመሪያ በደብተሬ በጻፍኩት መሠረት ግን ሰማንያ ሁለት ነው የሚሆኑት። እኔ ደግሞ እንዲሁ ነርስ ብቻ አይደለሁም፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን የያዝኩት ስለ ሰው ልጅ እርጅና በሚያጠናው ትምህርት፣ ጄሮንቶሎጂ በሚሉት ነው። ለእንዲህ ዓይነት ባለሙያ በሰው ዕድሜ ላይ ስምንት ዓመት መጨመር ትልቅ ነውር ነው። እኔ ግን ዐይኔን በጨው አጥቤ ጨመርኩ፤ ዛሬም ቢጠይቁኝ እጨምራለሁ። ሚኒባስ ይዤ ጣርማ በርን ስወርድ፣ የቆላው ሙቀት በመስኮት እየገባ ሹራቤን ሲያስወልቀኝ፣ የማስበው እኚያን ሰው እንዴት አድርጌ እንደበደልኳቸው ነበር።

አያ ሽፈራው የመንደሩ መራቂ ነበሩ። በዚያ አገር ልማድ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ማኅበር ይሁን ሠርግ፣ እርቅ ይሁን የእድር ስብሰባ፣ በዕድሜ የሁሉ ታላቅ የሆነው የመጀመሪያዋ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ሌላው ከሱ ቀጥሎ በታላቅነቱ ተራ ይደረደራል። ታላቁ ሳይመርቅ ዳቦ አይቆረስም፣ ነገር አይጀመርም። እኔ እዚያ ስመደብ የመጀመሪያዋ በርጩማ የአያ ሽፈራው ነበረች።

አመራረቃቸው የራሱ ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። በአንደኛው እናቶች ልጆቻቸውን ዝም ያሰኛሉ፣ በሁለተኛው ወንዶች ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ በሦስተኛው እሳቸው መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚያበቁ ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም። አገሩን ይመርቃሉ፣ ዝናቡን ይመርቃሉ፣ ማሽላውንና ማሾውን ይመርቃሉ፤ ቀጥለው ወደ ሰው ይገባሉ። ሰው የሚወድላቸው ለእያንዳንዱ ምን እንደሚያስፈልገው ስለሚያውቁ ነው። ለባጃጅ ነጂው፣ «ጎማህ አይተንፍስ፤ ተሳፋሪህ ዝርዝር አይጣ» ይሉታል። ለሽንኩርት አምራቹ፣ «ሽንኩርትህ መሬት ውስጥ ይፋፋ፤ ደላላው ካንተ ቀድሞ አይንቃ።» ልጇ አረብ አገር ለሄደችባት እናት፣ «ስልክሽ ይጩህ፤ ሲጮህም በደግ ይሁን።» ለእኔ ደግሞ በመጣሁ በወሩ፣ «ይቺን ደገኛ ሙቀቱን ያስችላት፤ መርፌዋም አያሳምም» አሉ። ሕዝቡ «አሜን» አለ፤ በመርፌው ላይ ጠንከር አድርጎ።

ትምህርቱን የጀመርኩት እዚያው እየሠራሁ ነው። ወደ ጤና ጣቢያው የሚመጡት ሽማግሎችና አሮጊቶች ከዓመት ዓመት ይበዛሉ። ልጆቻቸው ግማሹ አዲስ አበባ ግማሹ አረብ አገር ነው፤ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉት እነሱ ናቸው። ገበሬ ጡረታ የለውም። «እርጅና ብቻህን ና» ይባላል እንጂ እኔ ብቻውን ሲመጣ አላየሁም፤ የዐይን ሞራውን፣ ቁርጥማቱንና የደም ግፊቱን አስከትሎ ነው የሚመጣው። እኛ ደግሞ ስለ ሕፃን ስንማር ኖረን ስለ ሽማግሌ ያስተማረን ሰው አልነበረም። እናቴ ስነግራት፣ «ልጄ ከፍ ያለ ትምህርት ትማራለች ስል እርጅና ትማራለች» ብላ ለጎረቤት ከሰሰችኝ። አያ ሽፈራው ግን ጭራቸውን እያወዛወዙ ረጋ ብለው ጠየቁኝ።

«እርጅና ትምህርት አለው እንዴ?»

«አለው አባባ።»

«ፈተናም አለው?»

«አለው።»

«ይገርማል። እኛ ሳንማር ነው የደረስንበት።»

የመጀመሪያው ተጠያቂዬ እሳቸው ሆኑ። መጠይቁ ከሩቅ አገር መጥቶ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው። ሽማግሌ ራሱን ችሎ ይኖራል ወይስ ሰው ይፈልጋል የሚለውን በነጥብ ይለካል። ቤታቸው ስደርስ ማንጎ ዛፍ ላይ ወጥተው የደረቀ ቅርንጫፍ ይቆርጡ ነበር። ይወድቃሉ፣ ይውረዱ ብዬ ለምኜ አወረድኳቸውና መደቡ ላይ ተቀመጥን።

«ልብስዎን ያለ ሰው እርዳታ ይለብሳሉ?»

«አስካለ ታለብሰኛለች።» እትዬ አስካለ ባለቤታቸው ናቸው።

«ጫማዎንስ ራስዎ ያወልቃሉ?»

«የልጅ ልጄ።»

«እግርዎን ማን ያጥባል?»

«ምራቴ።»

«ውኃ ሲጠማዎትስ?»

«ያቀርቡልኛላ።»

ነጥቡን ደመርኩት። ወረቀቱ አያ ሽፈራውን «ከፍተኛ እርዳታ የሚያስፈልገው» ብሎ ፈረደባቸው። ሳነብላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ልጄ፣ ስለማልችል መሰለሽ? ስለሚገባኝ እኮ ነው» አሉኝ። መጠይቁ ላይ «ስለሚገባኝ» የሚል ሳጥን የለም፤ ስለዚህ ፍርዱ ጸና።

የመጨረሻው ጥያቄ፣ «ብቸኝነት ይሰማዎታል?» የሚል ነበር። ዙሪያቸውን ቃኙ። እትዬ አስካለ ማሽላ ያበጥራሉ፣ ምራታቸው ልብስ ታሰጣለች፣ አምስት የልጅ ልጆች ይጣላሉ፣ አንድ ጥጃ ቤት ገብቷል። «መቼ ብቻዬን ሆኜ? የተሰማኝ ቀን እነግርሻለሁ» አሉ። ከዚያ ተራውን ወሰዱ።

«የናትሽ ዕድሜ ስንት ነው?»

ስልሳ አልኩ፣ ስልሳ አምስት አልኩ። አላውቀውም ነበር።

«ታዲያ የኛን ምን ልታደርጊው ፈለግሽው?»

አፈርኩ። በማግስቱ ለእናቴ ደወልኩላት፤ እሷም አታውቀውም።

ዋናው ችግሬም ይኸው ነበር፤ ዕድሜውን የሚያውቅ ጠፋ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሸህ ሰይድ፣ «ወላሂ እኔ አላውቀውም፤ አላህ ነው የሚያውቀው፤ እሱም እስካሁን አልነገረኝም» አሉ። ሚስታቸው የሞተችባቸውና ሌላ ለማግባት ያሰቡ አንድ ሰው ሃምሳ አምስት ነኝ አሉኝ፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ሃምሳ ዓመቱ ነው። አማካሪዬ በስልክ፣ «ዕድሜ ካልታወቀ አነጻጽሪ። ማን ከማን እንደሚበልጥ ጠይቂና ከሚታወቅ ዘመን ጋር አያይዢው» አለኝ።

ወንዶቹን ጠይቄ የትም አልደረስኩም። ወንዶች የሚያውቁት የበሬ ዕድሜ ነው። ሴቶች ግን የሰው ያውቃሉ፤ ማን ማን ሲወለድ ጡት ይጠባ እንደነበር፣ ደርግ ሲገባ ማን አግብቶ ማን እንዳላገባ፣ ሁሉም ጭንቅላታቸው ውስጥ አለ። ጥላዬን ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። ከሁሉ የረዱኝ ራሳቸው እትዬ አስካለ ናቸው። «ደምሴ ሲዳር ሽፈራው ሚዜው ነበር» አሉኝ እየሳቁ። «ያን ጊዜ ጢም እንኳ አላወጣም። ጠላው ከብዶት እንደ ጆንያ አህያ ላይ ጭነው ነው የመለሱት።» ሳይጠረጥሩ ነው የነገሩኝ፤ እኔም ሳልጠረጥር ጻፍኩት።

አያ ደምሴ በመንደሩ ዳር ብቻቸውን የሚኖሩ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ውኃውንም፣ እንጨቱንም፣ ወጡንም ራሳቸው ይሠራሉ። ያ መጠይቅ «ሙሉ በሙሉ ራሱን የቻለ» ብሎ አመስግኗቸዋል። ከመንደሩ ሽማግሎች ጢማቸውን የሚላጩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ አገጫቸው የሙሽራ ይመስል ነበር። በስብሰባ ላይ የሚቀመጡት ሰባተኛዋ በርጩማ ላይ ነው። ዝርዝሬ ሲጠናቀቅ ታዲያ የሁሉ ታላቅ ሆነው የወጡት እሳቸው ናቸው፤ ሰማንያ አራት ዓመት። አያ ሽፈራው ሰባ ስምንት ሆነው ሰባተኛ ወጡ።

ትምህርታችን የጥናትን ውጤት ለተጠናው ሕዝብ መልሱ ይላል። አንድ አስተዋይ ሰው ቢኖር ኖሮ ይቅርብሽ ባለኝ ነበር። በእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ሾላው ሥር ዝርዝሬን ይዤ ቆምኩ። ለዕድሜ ባለጸጋው ብዬ ከደብረ ብርሃን ወፍራም ጋቢ አስመጥቻለሁ፤ በሮቢት ፀሐይ ጋቢ ምን ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም፤ ደገኛ ነኛ። «በጥናታችን መሠረት የዚህ መንደር ታላቅ» ስል አያ ሽፈራው የመጀመሪያውን ጉሮሮ ጠረጉ። «አያ ደምሴ ናቸው» አልኩና ሄጄ ጋቢውን ደረብኩላቸው።

ጭብጨባ ጠብቄ ነበር። የተሰማኝ ከአስፋልቱ በኩል የባጃጅ ድምፅ ብቻ ነው። አያ ደምሴ ጋቢው ውስጥ ሆነው ላባቸው ይወርዳል፤ በሬ ሰርቆ የተያዘ ሰው ነው የሚመስሉት።

«እኔስ ስንተኛ ነኝ ልጄ?» አሉ አያ ሽፈራው።

«ሰባተኛ» አልኩ። ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም።

አያ ሽፈራው ብድግ አሉ፣ ዱላቸውን ያዙ፣ ሄደው ከአያ ደምሴ ፊት ቆሙ። «ተነሣልኝ፣ ይቺ የኔ ቦታ ናት» አሉ በትሕትና። ቦታ ተለዋወጡ። አሁን ዳቦው ቀርቧል፣ ሰው ምርቃት ይጠብቃል። አያ ደምሴ ተነሡ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ገጠሙ፣ ደግመው ከፈቱ።

«ኑሩ» አሉና ተቀመጡ።

ሰው መዳፉን እንደዘረጋ ቀረ። ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ይኸው ነው?» ስትል ተሰማች። ዳቦው ተቆረሰ፤ ግን ማንም ከልቡ አልበላም፤ ጥሬ የቀረ ነው የመሰላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መከራዬን አየሁ። በቀጣዩ ሠርግ አያ ደምሴ እንዳይመርቁ ማሽላ ውስጥ ተደበቁ፤ ያጋለጣቸው ለክብራቸው እንዲደርቡት የተገደዱት ነጭ ጋቢ ነው። ጎትተው አምጥተዋቸው፣ «ኑሩ» ብለው ሄዱ። ሙሽሮቹ በወሩ ተጣሉ። ሙሽራዋ ወደ እናቷ ቤት ስትመለስ አማትዋ፣ «ምን ይደረግ፣ ምርቃቱ አልበቃቸውም» አለች፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ። ጤና ጣቢያ ወረፋ የያዙ ሴቶች ሳልፍ፣ «ምርቃት ያሳጠረችው ይቺ ናት» ይባባላሉ። ለክትባት የሚመጣ ቀነሰ ብል ይታመናል?

አያ ሽፈራውስ? አያ ሽፈራው ጎረመሱ። ከሳቸው የሚበልጥ ሰው ሲመጣ ከማንም ቀድመው ይነሣሉ። ጉዳይ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ፣ «ታላላቆች እያሉ እኔ ምን አውቃለሁ» ይሉታል። መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ «ሲስተር፣ ለኛ ለወጣቶች የሚሆን ክትባት የለም?» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ የሳቸው ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ። የማውቀውን ሰው መስለው ሌላ ሰው ሆነው ነበር።

ጥናቱ በስድስት ወሩ ይደገማል። መጠይቄን ይዤ ሄድኩ። አያ ሽፈራው አሁን ልብሳቸውን ራሳቸው ይለብሳሉ። ጫማቸውን የልጅ ልጃቸው ሊያወልቅ ሲመጣ፣ «ተወው፣ እኔ ምን ሆኜ ነው» ይሉታል። እግራቸውን ራሳቸው ይታጠባሉ፣ ውኃውን ራሳቸው ያመጣሉ። ነጥቡን ደመርኩት፤ «ሙሉ በሙሉ ራሱን የቻለ።» ወረቀቱ እንዳለው ከሆነ በስድስት ወር ውስጥ እንደ ተአምር ድነዋል። አማካሪዬም በኋላ ሲያየው፣ «እንዴት ያለ መሻሻል ነው» ብሎ ተደሰተ። ከፊቴ የተቀመጡት ሰው ግን ቀበቷቸው ሁለት ቀዳዳ ገብቷል። እትዬ አስካለ ለቤቱ ዳቦ እንኳ መባረክ እንደተዉ፣ «ለታላቅ ይቆይ» እንደሚሉ ነገሩኝ።

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ስደርስ ልዘለው ፈለግሁ። እሳቸው ግን አስታወሱት።

«ያቺን ጥያቄ ረሳሻት እንዴ?»

«ብቸኝነት ይሰማዎታል?» አልኩ ሳላያቸው።

ምራታቸው እዚያው ነበረች፣ ልጆቹም ነበሩ፣ ጥጃውም ነበረ። «የተሰማኝ ቀን እነግርሻለሁ ብዬሽ አልነበር? ጻፊው» አሉኝ።

ጻፍኩት። እንባዬ ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ ቶሎ ተነሣሁ። ሽማግሌን ሥራ ማጣት ከበሽታ እኩል እንደሚጎዳው በመጽሐፍ አንብቤ ፈተና ላይ ጽፌ ነጥብ አግኝቼበታለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ሰውዬውን ከሥራቸው ያባረርኳቸው እኔ ነኝ።

እትዬ አስካለ እስከ አጥሩ ሸኙኝና እዚያ ቆመው የደበቁትን አወጡት። የድሮው መራቂ የሞቱ ጊዜ ተራው በእርግጥ የአያ ደምሴ ነበር። አያ ደምሴ ከቀብሩ በኋላ ሳይውሉ ሳያድሩ እነሱ ቤት መጡና፣ «ሰው ሲያየኝ ምላሴ ይታሰራል፤ ከምመርቅስ አገር ጥዬ ብሄድ ይሻለኛል» ብለው አለቀሱ። ሁለቱ ተማከሩ። አያ ሽፈራው ታላቅ ነኝ ብለው ወጡ፤ አያ ደምሴ ጢማቸውን ተላጩና ሰባተኛዋ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ታናናሾቹ ልጆች ነበሩ፣ እኩዮቻቸው ነገሩን እያወቁ ዝም አሉ። ስንት ዘመን ማንም ሳይጎዳ የኖረ ነገር ነው።

«ምነው እኔ ስጠይቅዎት ያኔ ቢነግሩኝ፣ እትዬ?»

«አንቺ ስለ ሠርግ ጠየቅሽኝ እንጂ ስለ ምርቃት መቼ ጠየቅሽኝ?» አሉኝ። «አሁንስ ሽማግሌ ላኪበት።»

ሽማግሌ መላክ ልክ ነው፤ ግን ማንን? በዚያ መንደር ሰው ሲጣላም ሲጋባም ሽማግሌ ሆነው የሚላኩት አያ ሽፈራው ነበሩ። እሳቸውን ወደ ራሳቸው ልልካቸው አልችልም። አያ ደምሴን፣ ሸህ ሰይድንና ተፈራን ለመንኳቸው። አያ ደምሴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እምቢ ማለታቸው ነው ብዬ ስፈራ ዱላቸውን አንሥተው ቀደሙኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄድን። እኔ ከአጥሩ ጥግ ቆምኩ፤ ሦስቱ ግቢው መሐል ቆሙ። ቆሙና ዝም አሉ። አያ ደምሴ መናገር አለባቸው፣ አይናገሩም፤ ሁለቱ ደግሞ ታላቅ ሳይናገር አይቀድሙም። ፀሐዩ አናታችንን በላን። በመጨረሻ ከቤት ውስጥ የአያ ሽፈራው ድምፅ መጣ።

«ማነው እሱ ሽምግልና የመጣው?»

ተፈራ አያ ደምሴን በክርኑ ጎሸም አደረጋቸው።

«እሺ፣ መጀመሪያ ‹ቤቶች› ይባላል።»

«ቤቶች» አለ ተፈራ።

«አንተ አይደለህም፣ ታላቁ ነው የሚለው። ይሁን፣ አለፈ። ግቡና ተቀመጡ።»

ሸህ ሰይድ ደክሟቸው ስለነበር ወደ መደቡ ሄደው ሊቀመጡ ሆነ።

«ኧረ አይቀመጡም ሸህ ሰይድ» አሉ አያ ሽፈራው በር ላይ ብቅ ብለው። «ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም ነው የሚባለው። ስንቱን አብረን አስታርቀን ይኼ ይጠፋዎታል?»

«አንተ ነበርክ የምትናገረው፤ እኔ ምኑን ሰምቼው» አሉ ሸህ ሰይድ።

«ዱላችሁን መሬት አስነኩት፣ ደምሴ። እንደሱ። ጋቢውንም አውልቀው፣ ልትሞት ነው። አሁን ጉዳያችሁን ተናገሩ።»

አያ ደምሴ ጋቢውን አወለቁ። አፋቸው ተከፈተ፣ ተገጠመ። ዞር ብለው እኔን አዩኝ፤ ደብተሬን እንዳወጣ በእጃቸው አመለከቱኝ። ከዚያ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ እኔ ከአፋቸው እሰማዋለሁ ብዬ ያላሰብኩትን ያህል ተናገሩ።

«ሰው ለሚወደው ሰው፣ ከኔ ዕድሜ ቀንሶ ይስጠው ይላል። እንዲያው ይላል እንጂ ሲሰጥ አላየሁም። እኔ ደምሴ፣ ከዕድሜዬ አሥር ዓመት ቀንሼ ለሽፈራው ሰጥቻለሁ። እናንተ ምስክር ናችሁ። እሷም ትጻፈው።»

እትዬ አስካለ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አያ ሽፈራው በሩን ተደግፈው ድምፃቸውን አስተካከሉ።

«አሥር በዛ። አሥሩን ተሸክሜ የት እደርሳለሁ? ሰባት ይበቃኛል።»

«አሥር» አሉ አያ ደምሴ።

«ሰባት።»

«ስምንት ይሁን፣ ወላሂ ተስማሙ፣ እግሬ አለቀ» አሉ ሸህ ሰይድ።

ስምንት ሆነ። ደብተሬን ከፍቼ፣ በሁለት ወር ሙቀት የለቀምኩትን ዕድሜ ሰረዝኩት። አያ ሽፈራው ሰማንያ ስድስት፣ አያ ደምሴ ሰባ ስድስት። ሦስቱ ሽማግሎች ፈረሙ፤ ሸህ ሰይድ በአረብኛ ፈረሙ። እኔም ሄጄ የአያ ሽፈራውን ጉልበት ሳምኩና ይቅርታ ጠየቅሁ። እሳቸው እጄን ይዘው አነሡኝ። «አሁን ተቀመጡ» ብለው ሁሉንም አስቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ልጆቹ ዝም አሉ። ያን ቀን የመረቁት ምርቃት የስድስት ወሩን አካክሶ ወደ ሰርክ ጸሎት ወሰደን። ለእኔ የሰጡኝን እንደ ወረደ ጽፌዋለሁ፤ «ስታረጂ ዕድሜሽን የሚቆጥርብሽ ሳይሆን ወንበር የሚለቅልሽ አይጥፋብሽ።»

የተጣሉት ሙሽሮች እንደገና ተመርቀው ታረቁ። ጥናቴን ሳቀርብ ፈታኞቹ ሠንጠረዡ ግርጌ ያለውን ማስታወሻ አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። «ተጠያቂ አንድ፣ ሰማንያ ስድስት ዓመት፤ ከዚህ ውስጥ ስምንቱ በስጦታ የተገኘ» ይላል። በቃል ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። አንደኛው ፈታኝ በመጨረሻ፣ «አባቴ ገጠር ናቸው፤ እስኪ ልደውል» ብሎ ወጣ፤ አለፍኩ።

ይህ የዛሬ አራት ዓመት ነው። አያ ሽፈራው አራቱንም ዓመት የመጀመሪያዋን በርጩማ ሳይለቁ፣ ጫማቸውን እያስወለቁ፣ እግራቸውን እያስጠቡ፣ መጠይቄ እንዳለው ከፍተኛ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሆነው ኖሩ።

ቀብሩ ላይ ደረስኩ። ሕዝቡ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሞልቶታል፤ ባጃጅ ነጂዎቹ በሰልፍ አቁመዋል። ተፈራ የሕይወት ታሪኩን ሲያነብ «በተወለዱ በዘጠና ዓመታቸው» የሚለው ላይ ድምፁን ከፍ አደረገ። ሽማግሎቹ በታላቅነታቸው ተራ ከሬሳው አጠገብ ቆመዋል። አያ ደምሴን ፈለግሁ፤ ከነሱ መሐል የሉም። ያየኋቸው ከኋላ ነው፣ ራሳቸው ሲወለዱ ካዩዋቸው ሰዎች ኋላ፣ በዱላቸው ተደግፈው ጎብጠው። ተፈራም አይቷቸው ሄደ።

«አያ ደምሴ፣ ወደ ፊት ይቅረቡ እንጂ።»

«ተወኝ ልጄ» አሉት። «የምቀብረው ታላቄን ነው። ታናሽ ከኋላ ነው የሚቆመው።»

አፈሩ መመለስ ሲጀምር እኚያ አንድ ቃል የሚያጥራቸው ሰው አለቀሱ። «ታላቄ፣ ታላቄ፣ ወንድም ጋሼ» እያሉ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ምላሳቸው ሳይታሰር። አጠገቤ የሟች የእህት ልጅ ቆማ ነበር፤ ከአጣዬ የመጣች ናት፣ መንደሩን ብዙም አታውቀውም። የአያ ደምሴን ፊት አየች፣ የተጨማደደውን እጃቸውን አየች፣ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«እኚህ አባት ግን ከአጎቴ አይበልጡም?»

«አይበልጡም» አልኳት። «አሥር ዓመት ታናሻቸው ናቸው። ያጠናሁት እኔ ነኝ።»